በእንቁላል የተቀባው ታንክ

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ከአፌ አላወጣሁትም። ለሚስቴ አልነገርሁም፤ ለወንድሜ አልነገርሁም፤ ለነፍስ አባቴ እንኳ እኩሌታውን ብቻ ነው የተናዘዝሁት። እኩሌታው ለምን እንደቀረ ስትደርሱበት እናንተው ትፈርዳላችሁ። እኔ በዐቢይ ጾም፣ አውቄ፣ አንድ ካህን እንቁላል አብልቻለሁ። ያበላሁትም በታንክ ነው።

ሳቁ ግድ የለም። እኔም አንዳንዴ ያመልጠኛል፤ ከሣቅሁ በኋላ ነው የሚያንገበግበኝ።

ጊዜው የኮሪያ ዘማቾች ከተመለሱ ወዲህ ነው። ጎንደር ፒያሳ አጠገብ በርና መስኮት፣ የሱቅ ሰሌዳም እየቀባሁ እኖር ነበር። በቀለም ዐዋቂነቴ ደግሞ ከልክ በላይ እኮራ ነበር። አንድ ቀን ከዘማቾቹ አንዱ የሆነ ሻምበል፣ ከእንጨት የተጠረቡ ጥቃቅን ታንኮችና የጦር ማኪናዎች በሣጥን አስይዞ መጣ። በአሸዋ ላይ እየደረደረ ወታደሮቹን ሊያስተምርባቸው ነው። ከሆሣዕና በፊት አንድ ጄኔራል ከአዲስ አበባ ስለሚመጣ ቶሎ እንዲያልቁ ፈለገ። ካማሩለት የጦር ሰፈሩ በርና መስኮት ሁሉ የኔ እንደሚሆን ቃል ገባልኝ።

«ቀለማቸው የወይራ ቅጠል ይሁን» አለኝ።

«የቅጠሉ ፊት ነው ወይስ ጀርባው?» አልሁት።

ኮሪያ ድረስ ዘምቶ እንዲህ ያለ ጥያቄ የገጠመው አይመስለኝም። ትንሽ አሰበና «መካከሉ» አለ።

መካከሉን ፍለጋ ጀመርሁ። ከቆርቆሮ አረንጓዴ የቀለም ዱቄት፣ ከምድጃ ጥቀርሻ፣ ከኮሶዬ መንገድ ዳር ያስመጣሁት ቢጫ አፈር፤ እነዚህን በተልባ ዘይት በጠበጥሁ። የመጀመሪያው ጎመን መሰለ። ሁለተኛው እበት ሆነ። ሦስተኛው መልኩ ሲገጥም ጊዜ ዘይቱ አብለጨለጨው፤ በዚያ ላይ በብርዱ አልደርቅ አለ። ሻምበሉ አይቶ «የሚያብለጨልጭ ታንክ አውሮፕላን ይጠራል፤ ታንክ እኮ አቧራ መምሰል አለበት!» ብሎ ተቆጣ።

እኔን? በቀለም? ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጠዋት ገበያ ወርጄ እንቁላል ገዛሁ። በሁዳዴ እንቁላል ስገዛ ሻጯ ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ። «ለታንክ ነው» አልኋት። አላመነችኝም።

በአስኳል የተበጠበጠው ቀለም ወዲያው ደረቀ። ብልጭታ የለውም። የአስኳሉ ቢጫነት ደግሞ የጎደለውን ሞላና የወይራ ቅጠል መካከሉ ይኸው ተገኘ። ሻምበሉ ጨበጠኝ። በየታንኩ ጎን የሚሣሉትን ቁጥር፣ ኮከብና አንበሳም በዚሁ ዓይነት ቀለም እንድጨርሰው አዘዘ። አንበሳው ከጤፍ ፍሬ ትንሽ የሚበልጥ ነው። የኔ እጅ የበር እጅ ነው፤ ብሞክረው ድመት እንኳ አይወጣኝም። በከተማው ይህን የሚችሉ አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ ቤተ ክርስቲያን የሚሥሉት መምሬ አየልኝ። የመልአክ ሽፋሽፍት አንድ በአንድ የሚያወጡ ሰው። የነፍስ አባቴም እሳቸው ናቸው።

መምሬ አንድ ልማድ ነበራቸው። ብሩሹን ቀለም በነከሩ ቁጥር ጫፉን በምላሳቸው ያሾሉታል። በጾም ቀን ቅዳሴ ሳይወጣ ብሩሽ አይነኩም። «ምላስ ላይ ያረፈ ነገር ሁሉ ምግብ ነው» ይሉ ነበር። ከልጅነታቸው ጀምሮ ጾም ገድፈው አያውቁም። ትልቁ ሀብታቸው ይህ ነበር፤ ሌላ ሀብት አልነበራቸውም።

ከቅዳሴ በኋላ መጡ፤ ተቀመጡ፤ ብሩሹን አነሡና ቆም አሉ።

«ይርጋ፣ መበጥበጫው ምንድን ነው?»

ምን ነበር እውነቱን ብናገር? እንቁላል ነው ብል ብሩሹን ያስቀምጣሉ። በጾም እንቁላል ስሰብር መዋሌም ይታወቃል። ታንኩ ያለ አንበሳ፣ እኔም ያለ ሥራ እቀራለሁ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ያ ቀለሜ፣ ያ የማይገኝ ቀለሜ!

«ተልባ ነው አባ» አልሁ።

ላሱ። እኔ ነኝ ያስላስኋቸው። በየአንበሳው ላሱ፤ በየኮከቡ ላሱ። ሣጥኑ እስኪያልቅ ከቅዳሴ በኋላ እየመጡ ላሱ።

«ሸጋ ተልባ ነው» አሉኝ አንድ ቀን ከንፈራቸውን እየጠረጉ። «ከወዴት አመጣኸው?»

«ከኮላ ድባ» አልሁ። ውሸት ብቻዋን አትሄድም።

ሰው ልከው ከኮላ ድባ ተልባ አስመጡ። አስቆልተው፣ አስወቅጠው፣ በጥብጠው ጠጡት። «ምነው ያንተ አይነት አይደለም?» ብለውኝ ሻጩን ታዘቡ። ምንም የማያውቅ የኮላ ድባ ገበሬ በኔ ምክንያት ስሙ ጠፋ። ሰዉ ደግሞ «ዘንድሮ መምሬን ጾሙ ተስማምቷቸዋል፤ ፊታቸው ወዝቷል» ይል ጀመር። ይህን በሰማሁ ቁጥር አንገቴን እደፋ ነበር።

ጄኔራሉ መጣ፤ ታንኮቹን አደነቀ፤ የሰፈሩ ሥራ የኔ ሆነ።

ስቅለት ዕለት፣ እንደ ሥርዓቱ፣ ሰዉ ወደ ካህናቱ እየቀረበ ኃጢአቱን ይናገራል፤ በቅጠል ጀርባውን ቸብ ቸብ ይደረግና ስግደት ይታዘዝለታል። እኔም መምሬ ዘንድ ቀረብሁ። ልነግራቸው ቆርጬ ነበር።

«አባ፣ አንድ ሽማግሌ በጾም እንቁላል አስቀምሻለሁ። ተልባ ነው ብዬ።»

«በሐሰት?»

«በሐሰት።»

«ሰውየው ያውቃል?»

«አያውቁም።»

ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ምስኪን!» አሉ። «ምስኪን ሽማግሌ! በል ሄደህ እግሩን ስመህ ንገረው።»

ወድቄ እግራቸውን ሳምሁ።

«የኔን አይደለም ልጄ፤ የሱን ነው» አሉኝ።

ያን ጊዜ ነበር መናገሪያው። አፌን ከፈትሁ፤ ልቅሶ እንጂ ቃል አልወጣም። ማልቀሴን ሲያዩ የጸጸት ብዛት መሰላቸውና አዘኑልኝ። የማይቻል የሚመስል ስግደት አዘዙና፣ «አይዞህ፣ እኩሌታውን እኔ እሰግድልሃለሁ» አሉ።

ከሐሙስ ጀምሮ እህል ውኃ ያልቀመሱ አዛውንት ነጠላቸውን አጣፍተው ከጎኔ ቆሙ። ወደቁ፤ ተነሡ። «ለዚያ ሽማግሌም ይሁንለት» እያሉ ወደቁ፤ ግድግዳ ይዘው ተነሡ። ጉልበታቸው ሲንቋቋ እሰማለሁ። አሁን እናገራለሁ እያልሁ እኔም ወደቅሁ፤ አሁን እያልሁ ተነሣሁ። ስግደቱ አለቀ።

ከዓመታት በኋላ ስንቀብራቸው «ጾም ገድፈው የማያውቁ» ተብሎ ታሪካቸው ተነበበ። ከልጆቻቸው ይልቅ እኔ አለቀስሁ፤ ሰውም ለፍቅሬ አደነቀኝ።

ይቅር በሉኝ አልልም፤ የበደልሁት እናንተን አይደለም። እንቁላሉን ለሥራው ብዬ ነው ልበል። ውሸቱንም ፈርቼ ነው ልበል። እሳቸው የኔን ስግደት ሲሰግዱ እያየሁ ዝም ያልሁትን ግን ምን ልበለው? የኔ ጉልበት ደህና ነበር።