ምስክር የምታስምለው አስካለች

አስካለች ቃሊቲ አካባቢ ባለ አንድ ፍርድ ቤት ምስክር ስታስምል ሃያ ሦስት ዓመት ሆኗታል። የሥራ መደቧ በወረቀት ላይ «ችሎት አስከባሪ» ይላል። ቁሙ፣ ተቀመጡ፣ ስልክ አጥፉ፣ አንተ ማስቲካህን ትፋ ማለት ነው። እሷ ግን የምትኮራው በመሐላው ነው። ቀይ ጨርቅ የለበሰውን ቅዱስ መጽሐፍ ይዛ ምስክሩ ፊት ስትቆም ዳኛዋም ጠበቃውም ለጊዜው ከእሷ በታች የሆኑ ይመስላታል። አይፈረድባትም፤ በደመወዟ የሚያስከብራት ነገር የለም።

ችግሩ ሰዉ ምሎ መዋሸቱ ነው። ቀኝ እጁን ያነሳል፣ መጽሐፉን ይስማል፣ ከዚያ ዓይኑን በጨው ታጥቦ ያላየውን አየሁ፣ ያልሰማውን ሰማሁ ይላል። ከፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ካለው ሻይ ቤት ተቀምጠው ምስክር የቸገረው ሰው እስኪመጣ የሚጠብቁ ሦስት ጎልማሶች አሉ። አንደኛው ባለፈው ዓመት ብቻ በአራት የመኪና ግጭት፣ በሁለት የውርስ ክርክርና በአንድ የጋብቻ ጉዳይ «በቦታው ነበርኩ» ብሎ መስክሯል። አንድ ጊዜ አንድ ፕሮቴስታንት ወጣት ቀርቦ፣ መጽሐፉን ከእጇ ተቀብሎ ገለጠና መማል ክልክል መሆኑን ከዚያው ላይ በጣቱ አሳያት። ያለ መሐላ መሰከረ። በዚያ ሳምንት እውነት የተናገረው እሱ ብቻ ነበር።

አስካለች ነገሩን ብዙ አሰበችበት። የደረሰችበት መደምደሚያ ጥፋቱ መጽሐፉ የመንግሥት መሆኑ ነው የሚል ነበር። ጀርባው ላይ የንብረት ቁጥር ተለጥፎበታል። የንብረት ቁጥር ያለበትን ነገር፣ ወንበር ይሁን ወንጌል፣ በዚህ አገር የሚፈራው የለም።

ድሮ እንዲህ አልነበረም ይላሉ። ድሮ ሕጉን የሚተረጉሙት ካህናት ነበሩ። ዳኛው ነገር ሲከብደው ሊቃውንቱን ጠርቶ ያስነብባል፣ ባላጋራ ከባላጋራው ጋር ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሄዶ ይማማላል፣ መንገድ ላይ «በሕግ አምላክ!» የተባለ ሰው እግሩን እንዳነሳ ቀጥ ይላል። ኋላ ሕጉ ከውጭ መጣ፣ ካህኑ ከችሎት ወጣ፣ መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው ተብሎም በሕገ መንግሥት ተጻፈ። እውነቱን ለመናገር ፍቺያቸው የብዙዎቻችንን ፍቺ ይመስላል። በወረቀት ተለያዩ እንጂ ሌላ ቤት ስላጡ እስካሁን ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ መጋረጃ ጋርደው ይኖራሉ። ዳኛ ሶሊያና ራሷ በጥቁሩ ካባ ሥር ማተብ አለባት፤ ተከራካሪዎችን ከማሟገቷ በፊት «ስለ እግዚአብሔር ብላችሁ ታረቁ» ትላለች። ደብሩ ደግሞ ሕፃን ከማጥመቁ በፊት የወላጅ መታወቂያ ኮፒ ይጠይቃል።

ስለዚህ አስካለች በራሷ ሥልጣን አንዲት ማሻሻያ አደረገች። አዋጅ አላስፈለጋትም። ምስክሩ እጁን ሲያነሳ ጠጋ ትልና ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ዛሬ ቀኑ የማን እንደሆነ ታውቃለህ?» ትለዋለች። አምስት ከሆነ አቦ፣ አሥራ ሁለት ከሆነ ሚካኤል፣ አሥራ ዘጠኝ ከሆነ ገብርኤል ነው። መጀመሪያ የሞከረችው ከሻይ ቤቱ ሰዎች በአንዱ ላይ ነበር። ዕለቱ የገብርኤል መሆኑ ትዝ ሲለው ፊቱ አመድ መሰለ፣ ሁለት ጊዜ አሳለው፣ ከዚያ «ክብርት ዳኛ፣ እኔ እንኳ በቦታው አልነበርኩም፣ ይቅርታ» ብሎ ውልቅ አለ።

ወሬው ወዲያው ተዳረሰ። በሁለት ወር ውስጥ ጠበቆች የበዓላት መቁጠሪያ በኪሳቸው ይዘው መዞር ጀመሩ። «ሃያ ሰባት አይመቸንም ክብርት ዳኛ፣ ሃያ ስድስት ቢሆንልን» ይላል አንዱ። ሌላው ከማርያም ወዲህ፣ ሦስተኛው ከጊዮርጊስ ወዲያ እንዲሆንለት ይለምናል። ዋና ዋናዎቹን ቅዱሳን ቀንሰው፣ ቅዳሜና እሑድን አንሥተው ሲያሰሉት፣ በወር ውስጥ ለመዋሸት የሚመቹ ቀናት ዘጠኝ ብቻ ሆነው ተገኙ፤ የእነሱም ቀጠሮ እስከሚመጣው ዓመት ሞልቷል። ዳኛ ሶሊያና ምክንያቱ አልገባትም። በሌሎቹ ቀናት ሥራው ስለቀለላት ግን አልጠየቀችም።

እንዲህ እየሆነ ሳለ አንድ ቀን መጥሪያ ለራሷ ለአስካለች ደረሳት።

ጉዳዩ የጎረቤቷ የእማማ ፀሐይቱ ነበር። እማማ ፀሐይቱ ከአካባቢው የጥንት ገበሬ ቤተሰብ ናቸው። የአባታቸው ማሳ ግማሹ ለፋብሪካ፣ ግማሹ ለኮንዶሚኒየም ሄዶ፣ የቀረቻቸው የሚኖሩባት አንዲት ክፍልና ደጇ ላይ ጎመን የሚተክሉባት ቁራሽ መሬት ናት። ቦታዋም ከደብሩ ጋር ትዋሰናለች። የደብሩን ስም አልናገርም፤ ቅዱሱ በዚህ ነገር እጁ የለበትም። ደብሩ ለሠርግ የሚከራይ አዳራሽ ሠራና መኪና ማቆሚያ ጠበበው። ከዚያ አጥሩ ተነሥቶ ስምንት ሜትር ተራመደ። የእማማ ፀሐይቱ ክፍል ከነአልጋዋ መኪና ማቆሚያው ውስጥ ገባች፤ እሳቸውም «ቦታው ጥንትም የደብሩ ስለሆነ ይልቀቁ» የሚል ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ደረሳቸው።

እማማ በነጻ የሚቆምላቸው ጠበቃ አግኝተው ከሰሱ። ካርታ ግን እሳቸውም የላቸው፣ ደብሩም የለው። የቀረው ምስክር ነው። የድሮውን የቅንጭብ አጥር በዓይኑ ያየ፣ እስካሁንም ከሰፈሩ ያልተነሳ ሰው ደግሞ አስካለች ብቻ ሆና ተገኘች። አባቷ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ዘበኛ ሳሉ የእማማ ፀሐይቱን ጓሮ ተከራይተው ይኖሩ ስለነበር፣ ያደገችው በዚያ አጥር ሥር ነው።

መጥሪያው በደረሳት በሦስተኛው ቀን መምሬ ሰይፈሥላሴ ቤቷ መጡ። የደብሩ አስተዳዳሪ ናቸው፤ የእሷም የንስሐ አባት። ጠበል ረጩ፣ ጸሎት አደረሱ፣ ከዚያ ከካባቸው ኪስ የክሱን ኮፒ አወጡ።

«አስካለች ልጄ፣ ሕጉ ስለ ይዞታ ምን እንደሚል ታውቂያለሽ?»

«እኔ ምኑን አውቄ መምሬ። እርስዎ ስለ ሰማዩ ይንገሩኝ እንጂ።»

«ለረጅም ጊዜ በሰላም የያዘ ባለቤት ይሆናል ይላል። እኛ ይዘናል።»

«ከያዛችሁት እኮ ሁለት ዓመታችሁ ነው። አጥሩ ሲነቀል ቆሜ አይቻለሁ።»

መምሬ መስቀላቸውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። «አላየሁም ማለት ሐሰት አይደለም፤ ትሕትና ነው። በደብሩ ላይ ቆመሽ ብትመሰክሪ ግን ገዝቻለሁ። ቁርባን የለሽም፣ ስትሞቺም ፍትሐት የለሽም፣ ከእናት ከአባትሽ ጎን አትቀበሪም» አሉና ተነሥተው ሄዱ።

አስካለች ፈራች። ሰው ሁሉ የሚቀልድበት ዓይነት ፍርሃት አይደለም። ሞትን እንኳ ብዙም አትፈራውም ነበር፤ የምትፈራው ባዕድ ቦታ ብቻዋን መጣልን ነው። በማግስቱ እማማ ፀሐይቱን ደጃቸው ላይ ጎመን ሲቀነጥሱ አገኘቻቸው።

«መጥሪያው ደረሰሽ?» አሏት።

«ደርሶኛል እማማ።»

«ካስጨነቀሽ ተዪው ልጄ። መምሬ ቤትሽ መግባታቸውን ሰምቻለሁ። እኔ እንደሆንኩ አሮጊት ነኝ። ክፍሏን ከወሰዱብኝ የት እንደምገባ ግን አላውቅም።»

አስካለች ጎመኑን አብራ ቀነጠሰች።

ቀጠሮው ከወሩ ቀናት ሁሉ የደብሩ ታቦት በዓል ዕለት ላይ ወደቀ። የደብሩ ጠበቃ ሊያስለውጠው ሞክሮ ነበር። ነገር ግን የሚመቹት ዘጠኝ ቀናት በራሱ በሌሎች ደንበኞቹ ተይዘው ጠበቁት።

በዕለቱ ችሎቱ ጢም ብሎ ሞላ። አስካለች በሥራ ልማዷ «አንደኛ ምስክር፣ ወይዘሮ አስካለች!» ብላ ተጣራች፤ ራሷም ቀረበች። ዳኛ ሶሊያና ዙሪያውን አየች። ሌላው ችሎት አስከባሪ የዓመት ፈቃድ ላይ ነው።

«እንግዲህ ራስሽ ራስሽን አስምዪያ» አለች ዳኛዋ።

አስካለች መጽሐፉን በግራ እጇ ያዘች። «ቀኝ እጅሽን አንሺ» አለች፤ ቀኝ እጇን አነሳች። ከኋላ ሰዎች ሳቁ። «ዛሬ ቀኑ የማን እንደሆነ ታውቂያለሽ?» ብላ ጠየቀች፤ ለራሷ ማንሾካሾክ አልሆንላት ብሎ ጮክ አለች። 

«አውቃለሁ» አለች።

የሚስቀው ዝም አለ። ከዚያ ተናገረች። ቅንጭቡ ከየት ተነሥቶ የት ይደርስ እንደነበር፣ ከጥዱ ዛፍ እስከ ውኃ ጉድጓዱ ስንት እርምጃ እንደሆነ፣ አጥሩ በዐቢይ ጾም በጠራራ ፀሐይ ማን ማን ሆኖ እንደነቀለው አንድ በአንድ ተናገረች። ወደ መምሬ አልዞረችም።

የደብሩ ምስክር መምሬ ሰይፈሥላሴ ነበሩ። አስካለች ወደ ሥራዋ ተመለሰችና መጽሐፉን ይዛ ፊታቸው ቆመች። «መምሬ፣ ቀኝ እጅዎን ያንሱልኝ።»

«ካህን በመጽሐፍ አይምልም። በክህነቴ እናገራለሁ።»

«በሕግ ፊት ሁሉም እኩል ነው መምሬ፤ ያንሱ» አለች ዳኛዋ።

መምሬ እጃቸውን እስከ ደረታቸው አነሱ። አስካለች ስለ ቀኑ አልጠየቀቻቸውም። የደብሩ ድምፅ ማጉያ ከማለዳ ጀምሮ በመስኮቱ እየገባ ስለነበር መጠየቅ አላስፈለጋትም። መምሬ እጃቸውን አወረዱና «ክብርት ዳኛ፣ ዛሬ አገልግሎት አለብኝ፤ ቀን ይለወጥልኝ» አሉ። ተለወጠላቸው። በተለወጠው ቀን አልመጡም፤ በሚቀጥለውም አልመጡም። ክፍሏ ለእማማ ፀሐይቱ ተወሰነች፤ አጥሩም ስምንቱን ሜትር ወደ ኋላ ተመለሰ።

አስካለች ሁለት ደብዳቤ ደረሳት። ከፍርድ ቤቱ የመጣው ሃይማኖትን ወደ ችሎት በማስገባቷ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ የሚሰጥ ነው። ከደብሩ የመጣው ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን ይልቅ የመንግሥትን ሕግ በማስቀደሟ መገዘቷን የሚያሳውቅ ሲሆን፣ ያረቀቀው ጠበቃው ስለሆነ አራት የሕግ አንቀጽ ተጠቅሶበታል። ሁለቱም ቁጥር፣ ቀንና ክብ ማኅተም አላቸው፤ ሁለቱም «ለወደፊቱ እንዲታረሙ» ብለው ይጨርሳሉ።

ሦስት እሑድ ከቅጥሩ ውጭ ቆማ አስቀደሰች። በአራተኛው ሳምንት ግዝቱ እንዲነሣላት ልትለምን ደብሩ ጽሕፈት ቤት ሄደች። መምሬ ብቻቸውን ተቀምጠዋል።

«ማመልከቻ ይዘሻል?» አሏት።

«ምን ብዬ ልጻፍ መምሬ?»

«ተሳስቼ ነው፣ አጥሩን አላየሁም በዪ። ዛሬውኑ አነሣልሻለሁ።»

«ስግደት ከሆነ ሺህም ይዘዙኝ፤ እሰግዳለሁ። አጥሩን ግን አይቻለሁ።»

መምሬ ማኅተሙን ከጠረጴዛው አንሥተው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት።

«አስካለች፣ ሰው ስታስምዪ ትፈሪያለሽ?»

«እፈራለሁ እንጂ። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ እነሱ ይምላሉ፣ እኔ እፈራለሁ።»

«እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ሳናዝዝና ስገዝት ኖርኩ» አሉ መምሬ፤ «ያን ቀን መጽሐፉን ስትዘረጊልኝ እጄ ከበደኝ። ከዚያ በፊት መቼ እንደፈራሁ ባስብ ባስብ ትዝ አልል አለኝ። አጥሩን ንቀሉ ያልኩት እኔ ነኝ።» ይህን ብለው አንገታቸውን ደፉ፤ ቀናም አላሉ።

አስካለች ምን እንደምታደርግ ግራ ገባት። ለእንዲህ ያለው ነገር ፍርድ ቤቱም ቅጽ የለው፣ ደብሩም ያስተማራት የለ። መምሬ እንደ ደፉ ናቸው፤ አንድ ነገር የሚጠብቁ ይመስላሉ። አዘነችላቸው። ተነሥታ ቆመች፣ ነጠላዋን አስተካከለች።

«እግዚአብሔር ይፍታዎት፣ መምሬ» አለቻቸው።

«አሜን» አሉ።