ዳልጮና ያኮረፈው አገር

የላንቴው ዳልጮን ሙዝ በማልማት የሚስተካከለው የለም፤ ሰው በማመን ደግሞ ከዚያም ይብሳል። ጎረቤቴ ነው፣ አውቀዋለሁ። የአዲስ አበባው ደላላ "ገበያው ወድቋል" ባለው ቁጥር አብሮት አዝኖ፣ ምሳ አብልቶ፣ ሙዙን በርካሽ ጭኖለት ይሸኘዋል። እኔ በንዴት ስጨስ እሱ "ምን ያድርግ፣ እሱም ልጆች አሉት" ይለኛል።

በ1989 ዓ.ም. ከግብርና የመጡ ሰዎች ከደላላው የሚያላቅቀን ነገር ይዘው መጡ፦ ሙዛችንን በቀጥታ ወደ ውጭ መላክ። ባሕር ማዶ ያለ አንድ አገር የእኛን ሙዝ ተባይ አለበት ብሎ አላስገባም ብሏል፤ ንጹሕ መሆኑ በምርመራ ከተረጋገጠ ግን ይገዛል። መንግሥት ካርቶኑን፣ ሥልጠናውንና ማቀዝቀዣ ያለውን መኪና ችሎ ሊያግዘን ነው፤ የመጀመሪያው ጭነት ምርመራውን ከወደቀ ግን መኪናው ለምዕራብ ዓባያ ገበሬዎች ይሰጣል። ጭነቱ ከዳልጮ ማሳ እንዲሆን ተወሰነ። በሥልጠናው ስለ ንጽሕና ብዙ ተለፈፈ። ዳልጮ ከዚያ ሁሉ የያዘው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ያ አገር አኩርፎናል።

በእኛ በጋሞ ደግሞ የተጣላ የሚታረቀው በለምለም ሣር ነው። ሽማግሌ ሣር ይዞ ከለመነህ እምቢ ማለት ጎሜ ነው፤ መዘዙ ቤትህ ድረስ ይከተልሃል። ዳልጮ ሆዬ በጠዋት ተነሥቶ ሙዙን አጥቦ፣ በየካርቶኑ ውስጥ ጤዛው ያልረገፈ ሣር ጎዝጉዞ ጠበቀን።

ጭነቱን ሊያይ የመጣው መርማሪ ክንፉ የጨንቻ ልጅ ነው፤ እንደ እኛው ጋሞ። የመጀመሪያውን ካርቶን ሲከፍት ፊቱ አመድ መሰለ። ሣሩ ላይ ጉንዳን ይርመሰመሳል። እኔማ ዳልጮን እዚያው ባንቀው ደስ ባለኝ።

"አባባ፣ ይሄ ምንድን ነው?" አለ ክንፉ።

"እንዲለምንልን ብዬ ነው ልጄ። ምን እንዳስቀየምናቸው አላውቅም። ብቻ ይቅር ይበሉን።"

ክንፉ ጉንዳኑንም ሽማግሌውንም አየ። ደንቡ ጣለው ይላል፣ ያደገበት አገር ደግሞ ሣር አይገፋም ይላል። በመጨረሻ ሣሩን በሁለት እጁ ተቀበለ።

"እነሱ ሣር አያውቁም አባባ። እኔ ግን አውቃለሁ፣ ልመናዎን ተቀብያለሁ። አሁን ሙዙ በሙሉ ወጥቶ እንደገና ይታጠብ፣ ካርቶኑም ይቀየር። ነገ እንደ አዲስ አያለሁ። ያኔ አንዲት ጉንዳን ባገኝ አልምርዎትም።"

መንደሩ ሁሉ ወጥቶ ሲያጥብ ዋለ። እኔም እየተሳደብኩ አጠብኩ። በማግስቱ ክንፉ ካርቶኑን አንድ በአንድ ፈትሾ አሳለፈው።

መኪናው ከላንቴ ሲወጣ ዳልጮ እጁን እያውለበለበ "አየህ፣ ታረቁን" አለኝ።

ልሰድበው አፌን ከፈትኩ። ንዴቴ የት እንደገባ እንጃ፣ "አዎ፣ ታረቁን" አልኩት።