ሙሄን ያስቀመጠው ኪኒን

አባትሽ ሙሄ ልጅ እያለ መቀመጥ የሚባል ነገር አያውቅም ነበር። ጽሑፍሽን እንዲህ ብለሽ ጀምሪው። ጋምቤላ ክልል ሆነች የተባለ ሰሞን ነው፤ እኛም ከወሎ መጥተን ከሰፈርንበት መንደር ወጥተን ከተማ፣ ባሮ አጠገብ ገብተናል። የዚያን ጊዜ ሰዎች ታስታውሱታላችሁ፣ ዝናቡ ሲያባራ ያ የጭቃና የዓሣ ሽታ፣ ልጁ ሁሉ ወደ ወንዙ ሲግተለተል። ሙሄዬ ከሁሉ ቀድሞ ነው የሚደርስ። አዞ አለ ብትይው ጆሮ የለው። ትምህርት ቤት ሰድጄው ዘወር ስል እሱ ወንዝ ነው። መምህሩ አስጠራኝና፣ «ልጁ ክፉ ሆኖ አይደለም፣ ግን ክፍሉን በጠበጠው። ወይ አሳክሚው፣ ወይ እቤት ይቀመጥ» አለኝ። እቤት ቢቀመጥማ መቼ ቸገረኝ!

ጎረቤቴ አሪየት፣ አኙዋክ ናት፣ ሳቀችብኝ። «ሙሄ በሽታ የለም» አለች በዚያ አማርኛዋ። «ሙሄ ዓሣ ነው። ዓሣ ቁጭ አይልም።»

«አዞስ የሚበላው ዓሣ አይደል?» አልኳት።

አዲስ አበባ ያለው አጎቱ ወስዶ ለሐኪም አሳየው። ሐሳቡ አንድ ቦታ አያርፍለትም፣ አፈጣጠሩ ነው አሉና ኪኒን ታዘዘለት። ጠዋት ጠዋት አንድ። እና ወላሂ ተቀመጠ! ክፍልም ተቀመጠ፣ ቤትም ተቀመጠ። ምሳ ሲቀርብለት ግን ቂጣዋን አይነካም። እንግዲህ የወባ አገር ሰዎች ፍረዱ፤ ልጅ ዝም ካለና ምግብ ከዘጋ ምንድን ነው የምንለው? ይዤው ጤና ጣቢያ ሮጥኩ። ጣቱን ወጉት፣ ወባ የለም። ደግሞ ወሰድኩት፣ የለም። የጤና ጣቢያው ድሬሰር፣ «እህቴ፣ ልጁን በመርፌ ጨረሽው እኮ! ምን እየወሰደ ነው?» አለኝ። ብልቃጡን አሳየሁት። «ይሄው ነዋ ምግብ የሚዘጋው። ቁርስ አብልተሽ ስጪው፣ ማታ ይርበዋል። ከከሳብሽ ለሐኪሙ አስነግሪ።»

የልጆቼ አባት ሲሰማ ተቆጣ። «ሲሮጥ የነበረን ልጅ አስቀምጦ ጦሙን የሚያውል፣ ይሄ ምን መድኃኒት ነው? ጣይው!» አለ። እኔም ልጥለው ነበር። ብሰጠው ልጄ አይበላ፣ ብተወው ባሮ አለ። ብልቃጡን ይዤ በር ላይ እንደቆምኩ ሙሄ መጣ።

«እማ፣ አትጣይው።»

«ለምን?»

«መምህሩ ሲያወራ ዛሬ እስከ መጨረሻው ሰማሁት።» ደግሞም፣ «ግን ይሰለቻል» አለ።

ሰጠሁት። አጎቱ በሹፌር እየላከልኝ፣ ሐኪሙ በቃ እስኪል ድረስ ሰጠሁት። ወንዙም አልወሰደብኝም፣ ትምህርቱንም ጨረሰ፣ አልሐምዱሊላህ። ግን ሩጫው በሽታ ከነበረ፣ ያ ሳቁስ? አጥሩን ዘሎ ሲገባ «እማ!» የሚለው ጩኸቱስ፣ እሱም በሽታ ነበር? የነገረኝ የለም።

ዛሬ አንቺም ያንኑ ዓይነት ትውጫለሽ። ስሙን በእንግሊዝኛ ትጠሪዋለሽ፣ ሰዓቱን ስልክሽ ያስታውስሻል፣ ከጎረቤት ማንም አይስቅብሽም። ያኔ ማንን እንደምጠይቅ አላውቅም ነበር፤ አሁን ብጠይቅሽ ሁሉን ታስረጂኛለሽ፣ አብሽሪ ትዪኛለሽ። ጥሩ ነው። ብቻ እንዲህ አቀርቅረሽ ጸጥ ብለሽ ስትጽፊ ሳይሽ፣ ደህና ሆነሽ ነው ወይስ ርቀሽብኝ ነው፣ ዛሬም አልለየው። እስቲ ቀና በዪ።