አባቴ የቀመሱት ሲጋር

ሲጋር እየቀመስኩ እንጀራዬን በልቻለሁ ስል የሚያምነኝ ሰው የለም። ልጆቼ እንኳን "አባዬ ደግሞ ጀመረ" ብለው ይስቁብኛል። ሲጋር ስል ተራውን ሲጋራ ማለቴ አይደለም፤ ከላይ እስከ ታች በቅጠል የሚጠቀለለውን፣ ወፍራሙንና ውዱን ነው። በደርግ ጊዜ ናይሮቢ መሃል ከተማ አንድ ሽማግሌ ሕንድ ጠባብ የትምባሆ ሱቅ ነበረው፤ እኔም እዚያ ተቀጥሬ ነበር። ሐኪም ማጨስ ስለከለከለው አዲስ ዕቃ በመጣ ቁጥር አንዱን መርጦ ይሰጠኝና ፊት ፊቴን ያያል። "እህ?" ይለኛል። የተሰማኝን እነግረዋለሁ፤ እሱ ደግሞ ራሱ እንዳጨሰው አድርጎ ለደንበኞቹ ያወራል።

የዚያ ሱቅ ሽታ ዛሬም አፍንጫዬ ላይ አለ። የጥድ እንጨት የሚሸቱት ሳጥኖች፣ የደረቀው ቅጠል፣ ባለሱቁ በፔርሙስ ይዞት የሚመጣው ቅመም የበዛበት ሻይ። ሐምሌ ላይ ናይሮቢ ስትቀዘቅዝ በሩን ገርበብ አድርገን እንቀመጥና የማታቱ ታክሲ ረዳቶች "ኢስሊ! ኢስሊ!" እያሉ ሲጣሩ እንሰማለን። አሁን ሳስበው እንዴት ይናፍቀኛል! ያኔ ግን ልቤ እዚያ አልነበረም፤ ሐሳብ ነበረብኝ።

ሐሳቤ አባቴ ነበሩ። ከደርግ እስር ቤት ከወጡ በኋላ ከአንድ የሞያሌ ነጋዴ ጋር በጭነት መኪና ድንበር ተሻግረው፣ ኢስሊ ሰፈር ያለችው አንድ ክፍል ቤቴ ገብተዋል። ሲመጡ አጥንትና ቆዳ ብቻ ነበሩ። ያቀረብኩላቸውን ይበላሉ፤ ግን ምንም አይጥማቸውም። "ምላሴን እስር ቤት ትቼው መጣሁ" ይሉኛል። "ሥጋውም ጎመኑም ገለባ ገለባ ይለኛል።" እናቴ በሕይወት ሳለች ወጥ ላይ እንከን ሳያወጡ የማይጎርሱ ሰው፣ እኔ ያሳረርኩትን ሽሮ ያለ አንድ ቃል ሲውጡ ማየት አንጀቴን ይበላው ነበር። ከሁሉ የባሰው ደግሞ አገሬ እመለሳለሁ ማለታቸው ነው። "የማይጣፍጠኝን እህል እየበላሁ እዚህ ምን እሠራለሁ?" ይላሉ። ቢመለሱ ምን እንደሚጠብቃቸው ሁለታችንም እናውቃለን።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ባለሱቁ አዲስ የመጣ ሲጋር ሰጠኝ። የላይኛው ቅጠል ነጣ ያለ፣ ወተት የበዛበት ሻይ የሚመስል ነው፤ ከልስላሴው የተነሣ የቅጠሉ ጅማት እንኳ በጣት አይዳሰስም። እኔ የምወደው ጥቁሩን፣ ጉሮሮ የሚይዘውን ስለነበር ይሄን ገና ሳየው ናቅኩት። ጫፉን ቆርጬ፣ እሳቱን ራቅ አድርጌ ዙሪያውን እያሞቅኩ ለኮስኩት። ሲጋር ወደ ሳንባ አይሳብም፤ ጭሱ አፍ ውስጥ ቆየት ይልና ይለቀቃል። ሁለት ሦስት ጊዜ ሳብኩ። አነዳደዱ እኩል፣ አመዱ ነጭና የማይረግፍ። ጣዕሙን ግን "ባዶ ነው" ልል አፌን ስከፍት በሩ ተገፋና አባቴ ገቡ።

ያደረግኩትን ስነግራችሁ አትሳቁ። ሠላሳ ዓመት ያለፈኝ፣ ለማጨስ ደመወዝ የሚከፈለኝ ሰውዬ፣ የሚነደውን ሲጋር ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። አባት ፊት ይጨሳል እንዴ? እጄ እኔን ሳያማክር ነው የሠራው። ባለሱቁ አበደ ብሎ አፈጠጠብኝ።

"ነጋዴው ነገ ወደ ሞያሌ ይመለሳል" አሉ አባቴ፣ እንደቆሙ። "አብሬው እሄዳለሁ። ልነግርህ ነው የመጣሁት።"

"አባባ፣ እባክዎ፣ መጀመሪያ ይቀመጡ…"

"ኪስህ ይጨሳል።"

አወጣሁት። ጃኬቴ ተበስቷል። ያ ጃኬት ዛሬም ቁም ሣጥኔ ውስጥ ተሰቅሏል፤ ባለቤቴ ይጣል ባለች ቁጥር እንጨቃጨቃለን። ባለሱቁ በሳቅ እየተንፈራፈረ "ካሪቡ፣ ምዜ"፣ ይግቡ አባት፣ ብሎ ወንበር ሳበላቸው። አባቴ ከመታሰራቸው በፊት ሲጋራ ያጨሱ ነበር። ተቀመጡና እጃቸውን ዘረጉ።

"አምጣው እስቲ። ልጄን እሳት ያስታቀፈው ምን እንደሆነ ልየው።"

ሳቡ። "ጭስ ነው" አሉ።

"ወደ ውስጥ አያስገቡት፤ አፍዎ ውስጥ ያቆዩት።"

ደግመው ሳቡ፤ አሁንም ምንም። እኔ አጠገባቸው ቁጢጥ ብዬ ስለ ኬላው፣ ስለ ፍተሻው፣ ስለማይጠፋው ጠቋሚ እያነሳሁ እለምናለሁ። ሲጋሩ ሲጋመስ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"ዝም በል እስቲ" አሉኝ።



"ገብስ" አሉ። "ቆሎ አይደለም፤ ምጣድ ላይ ገና መሞቅ የጀመረ ገብስ።" እንደገና ሳቡ። "ለጋ ቅቤ ነገርም አለው። መጨረሻው ላይ ደግሞ… ቁንዶ በርበሬ። ትንሽ።"

ባለሱቁ ክንዴን ያዘኝ። "አናሴማ ኒኒ?" ብሎ ምን እንዳሉ ጠየቀኝ።

አባቴ ሲጋሩን ወደ እኔ መለሱት። "እንካ፣ አንተም ቅመሰው።"

"እርስዎ ፊት?"

"እኔ ፊት።"

ተቀበልኩና ፊቴን ወደ መደርደሪያው አዙሬ ሳብኩ። ቀስ ብዬ፣ አፌ ውስጥ አቆይቼ። እውነትም ገብሱ እዚያው ነበር።

ማታ በማታቱ ወደ ቤት ስንሄድ ስለ መንገዳቸው አላነሱም፤ እኔም መጠየቅ ፈራሁ። የነጋዴው መኪና ጎህ ሲቀድ እንደሚነሣ አውቃለሁ። ከጥጉ የተቀመጠችው ሻንጣቸው እንደታሰረች ናት። ሽሮ ሠርቼ አቀረብኩ። አንድ ጎረሱ፣ አላመጡ፣ ቆሙ። ሳህኑን ትክ ብለው አዩት።

"ይሄ ሽሮ ጨው የለውም" አሉ።

ጨው ላመጣ ብዬ ተነሣሁ። የጨዉን ጣሳ እንደያዝኩ ጀርባዬን ሰጥቻቸው አለቀስኩ።

"ደግሞም አርሯል" አሉ ከኋላዬ። "ተወው፤ ነገ እኔ ነኝ የምሠራው።"