ተወጥሮ ያደረ ደጋን

ፌርፋክስ ጎዳና ላይ አንድ ሱቅ እያደሱ ነው። ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው እግሬን እየጎተትኩ ሳልፍ የሰጋቱራው ሽታ አቆመኝ። ጋሼ ደምሴም እንዲህ ይሸቱ ነበር።

የአባቴ ጓደኛ ናቸው። እዚህ መንገድ ላይ የሐበሻ ሱቅ ገና በጣት በሚቆጠርበት ጊዜ ታክሲ ይነዱ ነበር። ልጅ እያለሁ እሑድ ከቅዳሴ መልስ እኔን ይዘው ፓሳዴና ይሄዳሉ። በእንጨት ደጋን ብቻ ቀስት የሚወረውሩ ፈረንጆች እዚያ ይሰበሰባሉ፤ ደጋኑን የሚሠሩላቸው ጋሼ ነበሩ። ከሩቅ ሲያዩዋቸው እየሮጡ መጥተው ያቅፏቸዋል።

ሲመሽ ጋሼ ከየደጋኑ ላይ ገመዱን ይፈታሉ።

“ደጋን ተወጥሮ አያድርም፤ ካላረፈ ጉልበቱ ያልቃል” ይሉኝ ነበር።

አንድ እሑድ ቤታችን ሶፋ ላይ ጫማቸውን እንዳደረጉ እንቅልፍ ጣላቸው። ተንበርክኬ የጫማቸውን ክር ስፈታ ነቁ።

“ተይ ልጄ፣ ሺፍት አለብኝ።”

“ካላረፈ ጉልበቱ ያልቃል አላልክም? አንተስ ጋሼ?”

“አንቱ በያቸው!” አለች እናቴ።

እሳቸው ክሩን መልሰው ጥብቅ አድርገው አሰሩ፤ ቁልፋቸውን አንስተው ወጡ።

ሱቁን ከሚያድሱት ሠራተኞች አንዱ ቆሜ መቅረቴን አይቶ “እህት፣ ደህና ነሽ?” አለኝ።

“ኦኬ ነኝ” አልኩና ጎንበስ ብዬ የላላውን የጫማዬን ክር አጠበቅኩ።