ያኮረፉኝ ተማሪዬ

በደርግ ጊዜ፣ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ሲጧጧፍ ነው። ፒያሳ፣ ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ ባለው ቀበሌያችን ስብሰባ ላይ ሊቀመንበሩ «በበጎ ፈቃድ የሚያስተምር...» ሲል፣ ንግግሩን ሳይጨርስ እጄን አወጣሁ። እኔ ራሴ ፊደል የለየሁት ባለፈው ዙር ነው፤ ግን ደስ ካለኝ እጄ አያርፍም።

«እንግዲያው እትዬ ተዋቡን ቤታቸው እየሄዱ ያስተምራሉ። እሳቸው እግራቸውን ያማቸዋል» አለኝ። አዳራሹ በሙሉ ሳቀ።

እትዬ ተዋቡ ጎረቤቴ ናቸው። አራት ዓመት ሙሉ ሰላምታዬን መልሰው አያውቁም። ምን እንዳጠፋሁ ሰው ልኬ ባስጠይቅ «ራሷ ታውቀዋለች» አሉ። እኔ ደግሞ የማውቀው የለኝም።

ሄድኩ እንግዲህ። «ሀ በሉ፣ እትዬ» ስላቸው፣ ፊታቸውን ወደ ድመታቸው አዙረው «ሀ» ይላሉ። ሲሳሳቱ እኔም እርማቱን የምነግረው ለድመቷ ሆነ። ሦስት ወር እንዲህ ተማርን።

በፈተናው ቀን ፈታኙ ቤታቸው መጣና «የፈለጉትን ይጻፉ፣ እናቴ» አላቸው። ቢወድቁ የሰፈር መሳቂያ የምሆነው እኔ ነኛ። እሳቸው ላባቸው ጠብ እስኪል ጽፈው ወረቀቱን ሰጡት። ጮክ ብሎ አነበበው፦

«ልጄን ስድር ወጤን ሳትቀምሺ የሄድሽው ለምንድን ነው?»

«ይሄ ለማን ነው፣ እናቴ?»

«ለአስተማሪዬ።»

ፈታኙ ወረቀቱ ላይ «አልፈዋል» ብሎ ጻፈና ወደ እኔ ዞረ።

«በሉ መምህር፣ አሁን እርስዎ ይመልሱ።»