ታንኳዬን የፈለጠው የሚስቴ ወንድም

የሚስቴ ወንድም አበራ ዛሬ ጠዋት ታንኳዬን በመጥረቢያ ሲፈልጥ ደረስኩበት።

ባለፈው ሳምንት አሌክሳንድሪያ ሰው አሮጌ ዕቃውን ቤቱ ደጅ ከሚሸጥበት ጋራዥ ሴል የገዛኋት አሮጌ የእንጨት ታንኳ ናት። ሲልቨር ስፕሪንግ አበራ ቤት፣ መኪና ማቆሚያው ጋራዥ ውስጥ አስቀምጫት፣ ማን እንደሠራትና ዕድሜዋን ለማወቅ ሳምንቱን ሙሉ ስፈትሻት ነበር።

"አብደሃል?" ብዬ አንገቱን አነቅሁት። በክርኑ አፍንጫዬን ሲለኝ ደሜ ሸሚዜ ላይ ወረደ።

"ለቸርች ባርቤኪው ማገዶ ነው ያሉኝ እርስዎ አይደሉ እንዴ ጋሼ!" ብሎ ጮኸ።

አንቱ እያለ ነው የሚደበድበኝ።

እውነቱን ነው፣ ላሾፍበት ብዬ ነበር። ለቸርች ከተባለ አበራ ሁለት ጊዜ አይጠይቅም።

ተያይዘን ስንወድቅ መጥረቢያው የታንኳዋን ጫፍ ሰነጠቀው። ወፍራሙ ቀለም ሲረግፍ ከሥሩ ሳምንት ሙሉ የፈለግኩት የሠሪዋ መለያ ቁጥር ብቅ አለ!

ቁጥሩን ፎቶ አንስቼ አሮጌ ታንኳ ለሚጠግኑ አንድ ሽማግሌ ላክሁ። ወዲያው ደወሉ፤ አበራም እንዲሰማ ስልኩን ስፒከር ላይ አደረግሁት።

"ሜይን ውስጥ አባትና ልጅ የሠሯት ናት፤ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗታል። ሌላው አካሏ ደህና ነው?"

አበራ የያዘውን ፍልጥ ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠ። "ይንገሯቸው እንጂ ጋሼ" አለኝ።

እስካሁን አልነገርኳቸውም። የእናንተስ ቀልድ ምን አስፈልጦ ያውቃል? ጻፉልኝ፣ ብቻዬን አልሁን።